አሥራ አምስት ቋጠሮ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በእጄ ያለውን የክሊኒኩን ንብረት አንድ በአንድ ተረከበኝ። "መቀስ አንድ፤ መርፌ መቀቀያ አንድ፤ የቆዳ ቦርሳ፣ ያረጀ፣ አንድ" እያለ ይጽፋል። ቦርሳውን ገልብጦ ሲያራግፈው ከሥሩ አንዲት የጥጥ ክር ወደቀች። ጫፏ ላይ አንድ ቋጠሮ አላት። ሰውዬው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየና፣

"ይቺስ? መዝገብ ላይ የለችም" አለኝ።

"እሷ የመንግሥት አይደለችም። የኔ ናት" አልኩና ኪሴ ከተትኳት።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውያለሁ። ጠዋት ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ እመለሳለሁ፤ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እሞቃለሁ፤ ጉልበቴን አሻለሁ። የሥራ ዘመንህን ጻፍ የሚሉኝ አሉ። ሁሉንም መጻፍ አልችልም፣ ደክሞኛል። ስለዚያች ክር ግን ልጻፍ፤ የሠራሁትም ያጠፋሁትም እሷ ላይ ነው ያለው።

ሥራ የገባሁት ጣልያን በወጣ ሰሞን ነው። ትምህርቴ ዳዊት ደግሜ ዜማ ልጀምር ስል አባቴ ሞተና እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ በቅሎ ጫኝ ሆንኩ። የመድኃኒት ሣጥን ወደ ገጠር የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ ተቀጠርኩ፤ ቆይቼ መርፌ መቀቀል፣ ቁስል ማጠብ፣ ጨርቅ መጠቅለል ለመድኩና ድሬሰር ተባልኩ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ በልቼበታለሁ።

የሥራ አባቴ አያ ተገኘ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ጆሮ ካልሰጡት የማይሰማ ሰው ነበር። ሌላው ድሬሰር ወባና የዓይን ሕመም፣ ቁስልና ቁርጥማት ሲያይ እሱ ማንም የማይፈልጋቸውን ልጆች ይፈልግ ነበር። የሚጥላቸውን፣ ደንግጠው አፋቸው የተዘጋውን፣ ሰው ሲያዩ የሚሸሹትን፣ ራሳቸውን ከግድግዳ የሚያላትሙትን። እነዚህ ልጆች እኛ ዘንድ አይመጡም ነበር። የት ነው ያሉት ብትሉኝ ጓዳ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ይደበቃሉ፤ የሚበሉበት ዕቃ ለብቻው ነው። ጸበል ያውቃቸዋል፣ ደብተራም ያውቃቸዋል። ሐኪም ቤት አያውቃቸውም።

አንድ የውጭ አገር ሐኪም ስለሚጥል በሽታ መድኃኒት አስተምሮት ነበር። የቀረውን ግን ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ልጅ ሲመጣለት መጀመሪያ ወንበሩን ያስወጣል። እጁን እሳት ላይ ያሞቃል። ከዚያ መሬት ይቀመጥና ከኪሱ አምስት ጠጠር አውጥቶ ብቻውን ቅልልቦሽ ይጫወታል። ልጁን ቀና ብሎ አያየውም። አንዳንዱ ልጅ ወዲያው ይጠጋል፤ አንዳንዱ በሦስተኛው ገበያ መጥቶ አንዷን ጠጠር ይነካል።

"አያ፣ ምነው ሕመሙን አትጠይቀውም?" አልኩት አንድ ቀን።

"እሱ እኔን እስኪጠይቀኝ ነው የምጠብቀው" አለኝ።

ስምም አይጠይቅም። በአገራችን የልጅ ስም ክፉ እጅ ይገባል ተብሎ ይፈራል፤ የታመመ ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እናትየዋ በራሷ አፍ እስክትነግረው ድረስ መዝገቡን አይገልጥም። ጸሐፊው ይበግናል።

"አያ ተገኘ! መዝገቡ ስም ይፈልጋል እኮ!"

"መዝገቡ አልታመመም፤ ይቆይ" ይለዋል።

ልጅ በወደቀ ቁጥር ሰው ጣቱን የሚቀስረው በቀጥቃጮቹ ላይ ነበር። ገበያው ዳር ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ነበሩ። "የበሉት እነሱ ናቸው" ይባላል። አያ ተገኘ በዚህ ላይ አይከራከርም። ክኒን የሚቆርጥበትን ቢላዋ ግን ገበያው ሲሞላ ጠብቆ ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል፤ ሰው ሁሉ እያየው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያስለዋል። "ሸጋ አድርገህ ሳልልኝ፣ ለልጆች ነው" ይለዋል ጮክ ብሎ። ጮክ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ክሯም የሱ ዘዴ ናት። የሚጥላቸው ልጆች ክኒን በየማታው አንድ መዋጥ አለበት። ሰዎቹ ማንበብ አይችሉም፤ መቁጠሩም ይዛባባቸዋል። ስለዚህ ለአንድ ክኒን አንድ ቋጠሮ አድርጎ ክር ይቋጥርላቸዋል። ክኒኑ ሲዋጥ አንድ ቋጠሮ ይፈታል። ሲመለሱ "ለምን አልሰጠሻትም?" ብሎ እናትን አያሳፍርም፤ ክሯን በጣቶቹ መሃል ያንሸራትታታል። የቆየ የተፈታ ቦታ ይለሰልሳል፤ አዲሱ ግን እንደተኮማተረ ይቆያል። በየማታው የተፈታውንና መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ የተፈታውን ዓይኑን ጨፍኖ ይለይ ነበር። እኔን ይህን ለማስተማር ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

በመሃሉ ሊማሊሞን ወርደን አዲ አርቃይ ተመድበን ሠራን። እዚያ ከከብቶች ጋር ታስሮ የኖረ አንድ ልጅ አገኘን፤ ገመዱን ለማስፈታት አያ ተገኘ ስምንት ጊዜ ያን ቤት ተመላልሷል። ስለዚያ ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር። ልለፈው።

ወደ ጎንደር ስንመለስ የትክል ድንጋይ ገበያ ተሰጠን። አልፎ አልፎ በመኪና፣ ይበልጡን በበቅሎ፣ በገበያው ቀን እየሄድን አንዲት ጎጆ ውስጥ ልጆች እናይ ነበር። ወይዘሮ እንጉዳይን ያወቅኋት እዚያ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ፈጣን የሆነች ገበሬ ናት። ሴት ልጇ አለሚቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ሕመሙ ከምድጃ ላይ ጥሏት አንድ ክንዷ ተቃጥሏል። ስትወድቅ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ያሸታትና ይሸሻል፤ ምራቋ የነካው ሰው ይያዛል ብለው። ውኃ እንድትቀዳ አትላክም፤ ሠርግ አትጠራም፤ ቤተ ክርስቲያን መሃል ትወድቃለች ተብሎም ቆርባ አታውቅም።

አያ ተገኘ ክኒኑን ጀመረላት። ክሯን የያዘው ግን ታናሽ ወንድሟ ማሩ ሆነ። አምስት ዓመቱ ነው። "ቋጠሮ የምፈታው እኔ ነኝ" አለ፤ ማንም አልተከራከረውም። በየጊዜው ሲመጡ ሮጦ ቀድሞ ይገባና ባዶዋን ክር ከፍ አድርጎ ያሳየናል።

"አለቀች! እዩ!"

"አለሚቱን ነው ወይስ አንተን ነው የምናክመው?" ይለዋል አያ ተገኘ።

"እኔ አልታመምኩም። እኔ ፈቺ ነኝ!"

አራት ወር አልወደቀችም። አለሚቱ ፊቷ ሞላ፤ ከሰው ጋር አንድ ገበታ ቀረበች። ሐምሌ እኩሌታ ላይ አያ ተገኘ ታሞ ቀርቶ ብቻዬን ሄድኩ። ሠላሳ ክኒን ቆጥሬ፣ ሠላሳ ቋጠሮ ቋጥሬ ሰጠሁ። ወይዘሮ እንጉዳይ ክሯን ነጠላዋ ጫፍ ላይ አሰረችና አልነሳ አለች።

"አያ ካሴ፣ ፍልሰታ እየደረሰ ነው።"

"አዎን።"

"ዘንድሮ ከልጆች ጋር ልትጾም ነው። ልትቆርብ። ቄስ ፈንታ አምጫት ብለውኛል። አሥራ አምስቱንም ቀን ላቆርባት ነው" አለች፤ ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። "ግን ሥጋ ወደሙና ክኒን በአንድ ሆድ ይሆናል ወይ? አንተ የቤተ ክህነት ልጅ ነህ፣ ታውቃለህ።"

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ስለ መድኃኒት የሚጠየቀው ሁልጊዜ አያ ተገኘ ነው። ያን ቀን እኔ ተጠየቅሁ፣ ያውም በማውቀው ነገር። ቄሱ ያሉት ቤተ ክርስቲያን ከዚያች ጎጆ ቢበዛ የጥቂት እርምጃ መንገድ ነበር። ልጠይቅ አልሄድኩም። አያ ተገኘንም እስክጠይቅ ቆይ አላልኳትም።

"አሥራ አምስት ቀን ምን አላት?" አልኩ። "እስከ ጾሙ መግቢያ ትዋጥ። ከዚያ ይቆይላትና ሲፈታ ትቀጥላለች። ቁርባኑ ራሱ ይጠብቃታል።"

"ሰማህ ማሩ? በጾም አትፈታም" አለችው።

ልጁ ቅር አለው። "አንዲትም?" አለ። "አንዲትም" አልኩት እኔ።

በዚያ ጾም በአሥራ ሁለተኛው ቀን አለሚቱ ከቅዳሴ ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች። ተነሥታ ሳታበቃ ደግሞ ጣላት፤ ደግሞ፣ ደግሞ። ቤት ሳትደርስ ሞተች።

ይህን የሰማሁት በሚቀጥለው ገበያ ነው። ወይዘሮ እንጉዳይ ገብታ ክሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለቻት። አሥራ አምስቱ ቋጠሮ እንዳለ ነው። "ያልከኝን አደረግሁ" አለችና ወጣች።

አያ ተገኘ ገና እያሳለው ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ጠጠሮቹን ከትራሱ ሥር አውጥቶ በመዳፉ ውስጥ ሲያሻቸው ቆየ።

"ያ መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይተውም። በአንድ ጊዜ ከተተወ ሕመሙ ተደራርቦ ይመጣል" አለኝ።

"አልነገርከኝም፣ አያ።"

"አልነገርኩህም። ያ የኔ ነው። አልጠየቅኸኝም፤ ያ ያንተ ነው።" ጠጠሮቹን መልሶ ከትራሱ ሥር ከተተና "መዝገቡ ላይ ምን ጻፍክ?" አለ።

የጻፍኩትን ልነግረው አፈርኩ። የክሊኒኩ ኃላፊ የሞተ ልጅ ምክንያት ይጻፍ ብሎ ሲያስጨንቀኝ "ቤተሰቡ መድኃኒቱን አቋረጠ" ብዬ ጽፌ ነበር። ሐሰት ነው እንዳይባል ማቋረጣቸው እውነት ነው። ማን አቋርጡ እንዳለ ብቻ አልጻፍኩም።

"አርመው" አለኝ አያ ተገኘ።

አላረምኩም። ይባስ ብሎ ኃላፊው አንድ ቀን ከኛ ጋር ገበያ ወጣና ወይዘሮ እንጉዳይን በሰው መሃል አገኛት። "መድኃኒት እየጣላችሁ ልጆቻችሁን ትገድላላችሁ፤ ኋላ ሐኪም ቤቱን ታማላችሁ!" ብሎ ጮኸባት። እሷ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ፤ አፌን እስክከፍት ጠበቀች። እኔ የበቅሎውን መጫኛ እያጠበቅሁ አቀረቀርኩ።

ከዚያ በኋላ ልጆች ቀሩ። ያመጧቸው እናቶች መልሰው ጓዳ አስገቧቸው። አያ ተገኘ ድኖ ሥራ ሲመለስ በገበያ ቀን ባዶ ጎጆ ውስጥ ብቻውን ቅልልቦሹን ይጫወት ነበር። ዓመት ሳይሞላ መልሶ ታመመና አረፈ። ጠጠሮቹን ሚስቱ ለኔ ሰጠችኝ።

በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ ወይዘሮ እንጉዳይ ልጆች ከምናይበት ጎጆ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። ማሩን ነጠላዋ ሥር ሸፍናዋለች።

"ሌላ ሰው የለም ወይ?" አለችኝ።

"የለም።"

"አያ ተገኘስ?"

"አርፏል።"

"እንግዲያ አንተው ቀረኸኝ። አየኸው ዕድሌን!" አለችና ልጁን ወደ ውስጥ ገፋችው።

ማሩ ከሳ፤ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። እህቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ቃል አልተናገረም። ጸበል ወስዳዋለች፣ ክታብ አሥራለታለች። "ልሳኑ አልተዘጋም፤ በሕልሙ ይጮሃል" አለችኝ። "ቀን ግን ዝም ነው። ክር ሲያይ ይሸሻል። ፈትል ይዤ ስቀመጥ ከቤት ይወጣል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ድምፏ ዝቅ አለ። "እህቱ የሞተች ዕለት ለቅሶ መሃል አጣሁት። ጓዳ ገብቶ እነዚያን ቋጠሮዎች በጥርሱ ሊፈታ ሲታገል አገኘሁት። እኔም ያኔ ልቤ የት ነበር፤ መትቼ ቀማሁት።"

ያኔ ገባኝ። ልጁ ቋጠሮ ፈቺ ነበር። ሲፈታ እህቱ ደህና ሆነች፤ አልፈታ ሲል ሞተች። በልጅ ልቡ ይህን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ወንበሩን አስወጣሁ። እጄን አሞቅሁ። መሬት ተቀምጬ ጠጠሮቹን አወጣሁ። የአያ ተገኘ መንገድ መጠበቅ ነበር። እኔ ግን መጠበቁ ለራሴ እንደሚመቸኝ አወቅሁት፤ ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ነበርና። እናቱ ከጣለቻት ዕለት ጀምሮ የያዝኳትን ክር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ልጁ ወደ በሩ ሸሸ። እናቱ ያዘችው።

"ማሩ" አልኩት፣ መሬቱን እያየሁ፣ "አትፍታ ያልኩህ እኔ ነኝ። እናትህ ስትጠይቀኝ ሳላውቅ ያወቅሁ መስዬ መለስኩላት። አንተ ብትፈታም ክኒኑ አልተዋጠም፣ አታድናትም ነበር። አለሚቱ የሞተችው በኔ ቃል ነው። ባንተ አይደለም። በእናትህም አይደለም።"

ማሩ አልተንቀሳቀሰም። ወይዘሮ እንጉዳይ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ለሱ ብቻ ነው የምትናገረው?" አለችኝ። "እኔ በገበያ መሃል ነው የተሰደብኩት።"

በዚያው ሳምንት ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ነገርኩት። "አብደሃል? እንጀራህን ነው የምትዘጋው" አለኝ። መዝገቡ ግን ታረመ፤ በገዛ እጄ፣ ከሥሩ ፈረምኩ። ክኒን እንዳልሰጥ ተከለከልኩና ጎጆው ለሌላ ድሬሰር ተሰጠ፤ እኔ ዓመት ያህል ወደ በቅሎ ጭነት ተመለስኩ። በሚቀጥለው ገበያ ጭነቱን ካወረድኩ በኋላ የተሰደበችበት ቦታ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። እንደ አያ ተገኘ ጮክ ያልኩት ያኔ ብቻ ነው። አንዱ "አህያው ተናገረ!" ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ተፋ። ከዚያ ቄስ ፈንታ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ሰምተውኝ አለቀሱና "የታመመ ልጅ መድኃኒቱን ቢውጥ ጾሙን አይሽርም፤ ብትጠይቀኝ ኖሮ በአንድ ቃል እነግርህ ነበር" አሉኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አወጁት። በአንድ ቃል! እስከ ዛሬ ያችን ቃል ስሰማት እኖራለሁ።

ማሩ በየገበያው መጣ። መድኃኒት ስለተከለከልኩ ያለኝ ጠጠርና ክር ብቻ ነው። ከበቅሎዎቹ አጠገብ መሬት እንቀመጣለን። በሦስተኛው ገበያ ክሯን ከጉልበቴ ላይ አነሣት። በአራተኛው አንድ ቋጠሮ ፈታ። "በቃ፣ ለዛሬ አንድ" አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ሆነ። እናቱ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ጎመኗን ትሸጣለች፣ ዓይኗ ግን ከኛ አይነሣም።

ስድስቱ ተፈቱ። ሰባተኛው በጥርሱ የታገለበት ነው፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ብዙ ሞከረ። ግንባሩን ላብ አራሰው። በመጨረሻ ክሯን ወደኔ ዘረጋና፣

"ጠብቃለች" አለ።

እናቱ ስታደርግ የነበረውን አላየሁም፤ ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች ደንበኛዋ ሁለት ሦስት ጊዜ "ስንት ነው?" ሲላት መልስ እንዳልሰጠችው ግን ሰማሁ።

"እውነትህን ነው፣ ጠብቃለች" አልኩት። "በምን እንፍታት?"

"በእሾህ" አለኝ። እሾህ ፈልጎ መጣና አብረን ፈታናት።

ጥርም አለፈ፤ የካቲት ገባ። ማሩ ይናገር ጀመር፤ ጥቂት ጥቂት፣ ይበልጡን ከበቅሎዎቹ ጋር። አሥራ አራት ቋጠሮ ተፈትቶ አንድ ሲቀር ወይዘሮ እንጉዳይ ከድንጋይዋ ተነሥታ መጣች። ከኋላዋ አንዲት የማላውቃት ሴት በጨርቅ የተሸፈነ ልጅ አዝላ ቆማለች።

"ይቺ ጎረቤቴ ናት" አለችኝ። "ልጇ ይጥለዋል፤ ሁለት ዓመት ጓዳ ነው ያለው። ሂጂ አልኳት፤ ያጠፋውን በአፉ የሚናገር ሰው ነው አልኳት። አንተ ክኒን እንደማትሰጥ አውቃለሁ። የሚሰጥ ሰው ጋ ውሰዳት፤ ግን አጠገባቸው ቁም።"

"እቆማለሁ።"

"ሳታውቅ ስትጠየቅስ?"

"አላውቅም፣ ቆዩ እላለሁ።"

ራሷን ነቀነቀች። ጎንበስ ብላ ክሯን ከማሩ እጅ ወሰደቻት። ልጁ "አንዲት ቀረች እኮ!" አለ። እሷ ግን ክሯን አጥፋ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቼን በጣቶቿ ዘጋቻቸው።

"ይቺ ትቅር" አለችኝ። "ይቺ ያንተ ናት።"

ልጇን ይዛ ወደ ገበያው ሄደች። እኔም የሴትዮዋን ልጅ ተቀብዬ ወደ ጎጆው አስገባሁት፤ ስሙንም አልጠየቅሁም።